ሉፑ «ሁሉም ተልኳል» ይላል፣ ወላጆች ግን አራት አራት ጊዜ ደርሷቸዋል፦ ሎዳሽ፣ አሲንክ ወይስ ብሉበርድ?

ጀማሪው_ከአዳማ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:40

ሰላም ለሁላችሁ። ኖድ (ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ ማስኬጃውን) ከጀመርኩ ስምንት ወሬ ነው። እንደ ዛሬ ግን አፍሬ አላውቅም።

አንድ ትምህርት ቤት ለወላጆች በስልክ አጭር መልእክት የሚልክበት ትንሽ ፕሮግራም ሠርቼለታለሁ። ወደ 2,400 መስመር ያለው የኤክሴል ፋይል አለ። ቁጥሮቹን አነባለሁ፣ በፎርኢች ሉፕ አንድ በአንድ እዞራለሁ፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር የመልእክት አቅራቢውን ኤፒአይ (ፕሮግራሜ ከእሱ ጋር የሚነጋገርበትን በር) እጠራለሁ። ውስጥ ያለው ፈንክሽን አሲንክ ነው (ውጤቱ ቆይቶ የሚመጣ)፣ አዌይትም («ውጤቱን ጠብቅ» የሚለውን) አድርጌበታለሁ። ከሉፑ በታች «ሁሉም ተልኳል» ብሎ የሚያትም መስመር አለ።

ሳስኬደው «ሁሉም ተልኳል» ወዲያው ወጣ። ፈጣን ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ስክሪኑ 429፣ 429፣ 429 በሚል የስህተት ቁጥር ሞላ።

ጓደኛዬን አማከርኩት። «ፎርኢችን ተወው፣ በማፕ አድርገህ ፕሮሚስ ኦል ውስጥ ክተተው፣ መልሱ 200 (ተሳክቷል) ካልሆነ ስህተት ወርውር» አለኝ። እንዳለኝ አደረግኩ። ስህተት ወርውሮ ቆመ። «በቃ፣ ምንም አልተላከም» ብዬ እንደገና አስኬድኩት። ከዚያም እንደገና።

ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ደወሉ። የወላጆች ስብሰባ ጥሪው ለአንዲት እናት አራት ጊዜ ደርሷቸዋል። «ልጄ ምን አጥፍቶ ነው?» ብለው ሥራ አስፈቅደው ትምህርት ቤት ድረስ መጥተዋል አሉ።

ጥያቄዬ፦ ሎዳሽ የሚባለውን ላይብረሪ (የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ) ልጠቀም? አሲንክ የሚባል ላይብረሪም አለ ይላሉ (ከቋንቋው አሲንክ የተለየ)፣ ብሉበርድ ያለኝም አለ። የትኛው ነው ይሄን የሚፈታልኝ? ኮዱ የደንበኛ ስለሆነ መለጠፍ አልችልም፣ በቃል ልግለጽላችሁ ብዬ ነው።


ኮድ_በቡና · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:52

ይቅርታህንና መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ የራሴ ትዝ አለኝና ዝም አልኩ።

ሎዳሽ ይሄን አይፈታልህም። የሎዳሹም ፎርኢች አይጠብቅም። ስሙን ብቻ ቀይረህ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ትገባለህ።


የሰሚት_ልጅ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:10

ፕሮሚስ ማለት ባንክ ስትገባ የምትቆርጠው የወረፋ ወረቀት ነው። ብሩ አይደለም። «ብርህን ትወስዳለህ፣ ጠብቅ» የሚል ቁጥር ነው። አሲንክ ፈንክሽን በጠራህ ቁጥር አንድ ወረቀት ትቆርጣለህ።

ፎርኢች ምን አደረገ? 2,400 ወረቀት ቆረጠና መሬት ላይ በተናቸው። ፈንክሽኑ የመለሰለትን ነገር ዞር ብሎ አያይም። ውስጥ ያለው አዌይት የሚያስቆመው ያንን አንዱን ትንሽ ፈንክሽን ነው እንጂ ሉፑን አይደለም። ለዚህ ነው «ሁሉም ተልኳል» ቀድሞ የወጣው።

ማፕ ወረቀቶቹን ሰብስቦ ያስረክብሃል። ፕሮሚስ ኦል ይዟቸው ወንበር ላይ ቁጭ ይላል። እስከዚህ ጓደኛህ ልክ ነው። ግን 2,400 ሰው ባንዴ ባንክ ቤት ገባ። ጥበቃው በሩን ዘጋ። 429 ማለት እሱ ነው፣ «በዛችሁ» እያለህ ነው።

በጣም ቀላሉ መፍትሔ ተራው ፎር ኦፍ ሉፕ ነው። እሱ ውስጥ አዌይት ብታደርግ ሉፑ ራሱ ይቆማል። አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይጀምርም። ምንም ላይብረሪ አያስፈልግም። እያንዳንዱ ጥሪ 200 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ 2,400ው በ8 ደቂቃ ያልቃል። ስብሰባው መቼ ነው? 8 ደቂቃ ካላቃጠለህ ይሄን አድርግና ተኛ።


ጀማሪው_ከአዳማ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:21

የወረፋ ወረቀቱ ገባኝ። እግዜር ይስጥልኝ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ፕሮሚስ ኦል ወድቄያለሁ እያለ እንዴት መልእክቱ ሊላክ ቻለ?


ማሂ_ዲሲ · ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 8:05

እዚህ ገና አመሻሽ ነው፣ እኔ ልመልስልህ።

ፕሮሚስ ኦል የመጀመሪያውን ውድቀት ሲያይ ተነሥቶ ይሄዳል። የሌሎቹን መልስ አይጠብቅም። አይሰርዛቸውም ግን። ጃቫስክሪፕት ላይ አንዴ የተጀመረን ፕሮሚስ ከውጭ ማቆም አይቻልም። አቦርት ኮንትሮለር የሚባል አለ፣ እሱ ግን ቀድመህ ካያያዝከው ብቻ ነው። ስህተቱን ካች ካደረግክ (ከያዝከው) የቀሩት ጥሪዎች ከበስተጀርባ ይቀጥላሉ። ካች ካላደረግክ ፕሮግራሙ ይዘጋል። ያም ሆኖ ጥያቄዎቹ ከኮምፒውተርህ ወጥተው ከሆነ አቅራቢው ተቀብሎ ልኳቸዋል። ስለዚህ «ወደቀ» ያለህ አንዱ ነው፣ መቶዎቹ ደርሰዋል።

ሌላ ቦታ ቢያስፈልግህ ደግሞ ፕሮሚስ ኦልሴትልድ አለ። ከ2020 ጀምሮ የቋንቋው አካል ነው። አንዱ ቢወድቅም ሁሉንም ጠብቆ የተሳካውንና ያልተሳካውን ለይቶ ይሰጥሃል። ግን የብዛቱን ነገር እሱም አይፈታውም። 2,400ው ባንዴ ነው የሚወጣው።

የሚያስፈልግህ በባንኩ የተወሰነ የመስኮት ብዛት ነው። አምስት መስኮት ክፈት። አንዱ ሲጨርስ ቀጣዩ ይግባ። አሲንክ ላይብረሪ ላይ ማፕሊሚት ወይም ኢችሊሚት ይባላል። ብሉበርድ ላይ ማፕ ውስጥ ኮንከረንሲ የሚል አማራጭ አለ። ብሉበርድን ግን አሁን አትጀምረው። የራሱ መግቢያ ገጽ ላይ የቋንቋውን ፕሮሚስ ተጠቀሙ ብሎ ይመክራል። በጊዜው ውለታ የዋለ ነው፣ ጡረታ ላይ ነው።


ጋሽ_ኖድ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:15

ልጆች፣ ለምን እነዚህ ላይብረሪዎች እንደተፈጠሩ ሳታውቁ ብትመርጡ ትርጉም የለውም።

አንደርስኮር የሚባለው ላይብረሪ በ2009 ሲመጣ ማፕና ፊልተር በየብራውዘሩ እኩል አይገኙም ነበር። አዲስ ብራውዘር ላይ የሚሠራው አሮጌው ላይ አፍጥጦ ይቀራል። አንደርስኮር ያንን አስተካከለ፣ ጄረሚ አሽኬናስ ነው የጻፈው። በ2012 ሎዳሽ መጣ፣ የጆን ዴቪድ ዳልተን ነው። ፈጠን ያለና ሁሉም ብራውዘር ላይ ወጥ ጠባይ ያለው ነበርና ብዙዎቻችን ተሻገርን።

አሲንክ ላይብረሪው በ2010 ነው፣ ካኦላን ማክማሆን። ያኔ ፕሮሚስ የሚባል በቋንቋው ውስጥ የለም። ኮልባክ («ስትጨርስ ጥራኝ» የሚባል ፈንክሽን) በኮልባክ ውስጥ፣ እሱም በሌላ ኮልባክ ውስጥ። ኮዱ ወደ ቀኝ እየተንሸራተተ ከስክሪኑ ይወጣል። የላይብረሪውን ዋተርፎል የሚለውን ፈንክሽን መጀመሪያ ስጽፍ እንባ ነው የመጣብኝ፣ አላጋንንም። አምስት ደረጃ ጥልቀት የነበረው ነገር ቀጥ ብሎ ወረደ። ከዚያ በ2015 ፕሮሚስ መደበኛ ሆነ፣ በ2017 አሲንክና አዌይት ገቡ። ዋተርፎልና ሲሪስ የሚሠሩትን ዛሬ ሦስት የአዌይት መስመር ይሠራዋል።

እስከ ዛሬ ቦታቸው ያልተተካው ሊሚት የሚል ቅጥያ ያላቸው፣ ኪው (ወረፋ) እና ሪትራይ (ድጋሚ ሙከራ) ናቸው። ቋንቋው «ባንዴ ስንት?» ለሚለው ጥያቄ የራሱ መልስ የለውም። ጀማሪው፣ አንተ የወደቅከው እዚያ ክፍተት ላይ ነው። አትፈር።


ጀማሪው_ከአዳማ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:30

ጋሼ አመሰግናለሁ፣ እድሜ ይስጥልኝ። አሲንክን ጭኜ ኢችሊሚት በ5 ልሞክር ነው። ለሙከራ የራሴን፣ የእህቴንና የጓደኞቼን ቁጥር 20 አድርጌያለሁ።


ጀማሪው_ከአዳማ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:05

ኧረ ጉድ ነው። 5 ላከና ዝም ብሎ ወጣ። ስህተት የለም። «ሁሉም ተልኳል» የሚለውም አልታተመም። ፕሮግራሙ እንደ ጨዋ ሰው ሹልክ ብሎ ሄደ። ሦስቴ ሞከርኩ፣ ሦስቴም 5። እህቴ «ምን ሆነሃል?» ብላ ደወለች።


ኮድ_በቡና · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:12

ልክ 5? ቁጥሩን 3 አድርገው እስቲ።


ጀማሪው_ከአዳማ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:15

3 ልኮ ወጣ።


ኮድ_በቡና · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:24

እሺ። መስኮቶቹ ተከፈቱ፣ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ገቡ፣ ጨርሰው ወጡ፣ መስኮቱ ግን «ጨርሻለሁ» አላለም። ታይፕስክሪፕት (ወደ ጃቫስክሪፕት የሚቀየረውን ቋንቋ) ነው የምትጽፈው አይደል? ታርጌቱ (ወደ የትኛው ዓመት ጃቫስክሪፕት እንደሚቀየር የሚወስነው) ላይ ምን ይላል?


ጀማሪው_ከአዳማ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:27

አዎ ታይፕስክሪፕት ነው። 2015 ይላል። ከሆነ ቪዲዮ ላይ ነው የገለበጥኩት።


ማሂ_ዲሲ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:40

እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ይሄን ካየሁማ ጨርሶ አይወስደኝም። እኔም ሁለት ቀን የበላብኝ ነገር ነው።

አሲንክ ላይብረሪ በኮልባክ ዘመን ነው የተወለደው። ለፈንክሽንህ ሁለት ነገር ይሰጠዋል፦ ዕቃውንና ኮልባኩን። «ስትጨርስ ይሄን ኮልባክ ጥራልኝ» ነው ስምምነቱ። በኋላ የቋንቋውን አሲንክ ፈንክሽኖች መለየት ተማረ። ፈንክሽኑ እውነተኛ አሲንክ ከሆነ ኮልባክ አይሰጠውም፣ ፕሮሚሱን ራሱ ይጠብቃል።

የሚለየው ግን የፈንክሽኑን መለያ አይቶ ነው። ታርጌቱ 2015 ሲሆን ታይፕስክሪፕት አሲንክ የሚለውን ቃል አፍርሶ ወደ ተራ ፈንክሽን ይቀይረዋል፣ ምክንያቱም በ2015 ቋንቋው ውስጥ አሲንክ አልነበረም። ላይብረሪው ተራ ፈንክሽን ያያል፣ ኮልባክ ይሰጣል፣ ይጠብቃል። አንተ ኮልባኩን አትጠራም። አምስቱ መስኮት ተያዙ፣ ስድስተኛው አልገባም። ኖድ ደግሞ የሚጠብቀው ሥራ ሲያጣ በሰላም ይዘጋል። ስህተት ያላየኸው ለዚህ ነው።

ታርጌቱን 2017 ወይም ከዚያ በላይ አድርገው። ያ ካልተቻለ ፈንክሽኑን አሲንኪፋይ በሚለው ጠቅልለው። ደግሞ የላይብረሪው ሥሪት 3 መሆኑን አረጋግጥ። እሱ ላይ የመጨረሻውን ኮልባክ ካልሰጠኸው ፕሮሚስ ይመልስልሃል፣ አዌይት ታደርገዋለህ።

የተገላቢጦሹም አለ፣ ወደፊት ስለሚገጥምህ፦ እውነተኛ አሲንክ ፈንክሽን ሰጥተህ ውስጡ ኮልባክ ልጥራ ብትል «ኮልባክ ፈንክሽን አይደለም» ይልሃል። አልተሰጠህማ!


ጀማሪው_ከአዳማ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:58

ታርጌቱን 2022 አደረግኩት። 20ውም ተላከ። «ሁሉም ተልኳል» መጨረሻ ላይ ወጣ። እህቴ ዳግም ደወለች። ማሂዬ ተባረኪ፣ አሁን ተኚ።


ዜሮ_ዲፔንደንሲ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:20

ለአምስት መስኮት ብላችሁ ላይብረሪ፣ ለላይብረሪው ብላችሁ ታርጌት፣ ለታርጌቱ ብላችሁ ሌሊት። በ2016 ሌፍትፓድ የምትባል 11 መስመር ኮድ ከላይብረሪ ማከማቻው ኤንፒኤም ስትነሳ ስንት ፕሮጀክት እንደቆመ ረሳችሁት?

ይሄ በራሳችሁ የሚጻፍ ነገር ነው። ከዝርዝሩ አንድ ኢተሬተር (ዕቃውን አንድ በአንድ የሚያወጣ ጠቋሚ) አውጡ። አንድ ሠራተኛ ፈንክሽን ጻፉ፣ እሱ ውስጥ በፎር ኦፍ ኢተሬተሩ ላይ ይዞራል፣ እያንዳንዱን አዌይት ያደርጋል። ያንኑ ሠራተኛ አምስት ጊዜ ጥሩት፣ ለአምስቱም ያንኑ አንድ ኢተሬተር ስጡ። ፕሮሚስ ኦል አምስቱን ብቻ ይጠብቅ። አለቀ። ኢተሬተሩ አንድ ስለሆነ ማንም የሌላውን ዕቃ አይወስድም፤ አንዱ ሠራተኛ «ቀጣይ» ባለ ቁጥር ጠቋሚው ለሁሉም ይራመዳል። አምስት ሰው ከአንድ ትሪ እንደሚበላው ማለት ነው፣ የተጎረሰ አይመለስም። አሥር መስመር አይሞላም።


የሰሚት_ልጅ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:41

ኢተሬተሯ ታምራለች፣ አልዋሽም። ግን አንዱ ሠራተኛ ስህተት ሲገጥመው ምን ይሆናል? ሉፑ ይሰበራል። ፎር ኦፍ በስህተት ሲወጣ አንዳንድ ኢተሬተሮችን ዘግቷቸው ነው የሚሄደው። በጄኔሬተር (ዕቃ ሲጠየቅ አንድ በአንድ በሚያወጣ ፈንክሽን) ያመጣኸው ከሆነ አንዱ ወደቀ ማለት የቀሩት አራቱም ባዶ ትሪ ያገኛሉ። ሥራው ግማሽ ላይ ይቆማል፣ ከአንዱ ስህተት በቀር ማንም ምንም አይነግርህም። ስህተት የሚይዘውን ትራይ ካቹን ሉፑ ውስጥ ማስገባት አለብህ። «አሥር መስመር» ያልካት አሥራ አምስት ሆነች፣ አሥራ አምስተኛዋን ደግሞ ጀማሪ አይጽፋትም።


ዜሮ_ዲፔንደንሲ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:50

ተቀብያለሁ። ትራይ ካቹ ውስጥ ነው መግባት ያለበት። ግን ያንን ማወቅ ላይብረሪም ብትጠቀም አይቀርልህም። ኢችሊሚትም የመጀመሪያው ስህተት ላይ አዲስ ዕቃ ማስገባት ያቆማል።


ባቡር_ሰፈር · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:15

ምን ያካብዳል? በሎዳሽ ቸንክ 50 50 ቆራርጠው፣ እያንዳንዱን ክምር በፕሮሚስ ኦል ልከህ ቀጥል። እኔ ሁሌ እንደዚህ ነው የማደርገው።


ጋሽ_ኖድ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:40

ይሠራል፣ ግን ሚኒባስ ነው። ሁሉም እስኪወርድ አይነሳም። 49ኙ በ200 ሚሊሰከንድ ጨርሰው አንዱ 10 ሰከንድ ከቆየ 49ኙ መስኮት ባዶውን ይጠብቃል።

ጀማሪው፣ ከሁሉ በፊት የአቅራቢው ገደብ ስንት እንደሆነ ሰነዱ ላይ አንብበሃል?


ጀማሪው_ከአዳማ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:52

አሁን አነበብኩት ጋሼ። በሰከንድ 10 ይላል።


ጋሽ_ኖድ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 8:10

እንግዲህ እይ። 5 መስኮት ሆኖ እያንዳንዱ ጥሪ 200 ሚሊሰከንድ ከፈጀ በሰከንድ 25 ትልካለህ። 429 አሁንም ይመጣብሃል። ባንዴ ስንት የሚለውና በሰከንድ ስንት የሚለው ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አቅራቢው በፈጠነ ቀን አንተም ትፈጥናለህ፣ ያኔ ትባረራለህ።

ላይብረሪውን ሳትለቅ እንዲህ አድርግ። እያንዳንዱ ሥራ ቢያንስ 600 ሚሊሰከንድ ይቆይ። ጥሪውንና የ600 ሚሊሰከንድ መዘግየቱን አንድ ላይ አስጀምርና ሁለቱንም ጠብቅ፣ ለዚህ ፕሮሚስ ኦል ልኩ ነው። 5 መስኮት በ600 ሚሊሰከንድ ማለት በሰከንድ ከ9 በታች ነው። እንዲያም ሆኖ 429 ከመጣ መልሱ ላይ ሪትራይ አፍተር የሚል መረጃ ካለ እሱን አክብር። ከሌለ 1 ሰከንድ፣ 2፣ 4 እያልክ እጥፍ እያደረግክ ቆይ።

ደግሞ፣ ይሄ ከላይብረሪ ምርጫ ይበልጣል፦ የተላከውን መዝግብ። 200 እንደመጣ ወዲያው ቁጥሩን ፋይል ላይ ጻፍ። ፕሮግራሙ ሲነሳ መጀመሪያ ያንን ፋይል ያንብብ፣ እዚያ ያለውን ይዝለል። ግማሽ መንገድ ላይ መብራት ቢሄድ ካቆምክበት ትቀጥላለህ። እናትየዋን አራት ጊዜ ያስደነገጣቸው ፎርኢች አይደለም፣ ይሄ ፋይል አለመኖሩ ነው።


ኮድ_በቡና · ረቡዕ፣ ከቀኑ 8:18

ጋሼ ያሉት ላይ አንድ ቀዳዳ አለ፣ ልጁ ይወቀው ብዬ ነው። መልእክቱ ተልኮ መልሱ መንገድ ላይ ቢቀርስ? ታይምአውት (ጊዜው አለፈ) ይላል፣ አልተመዘገበም፣ ግን ደርሷል። አቅራቢው ለእያንዳንዱ መልእክት የራስህን መለያ ቁጥር እንድትሰጥ የሚፈቅድ ከሆነ ስጠው። ያንኑ መለያ ድጋሚ ብታመጣ እሱ ራሱ ይጥለዋል። የማይፈቅድ ከሆነ ታይምአውት ያሉትን ለብቻ አስቀምጣቸውና ሰው ይያቸው።

ደግሞ የኪስ ነገር፦ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ አጭር መልእክት 160 ሳይሆን 70 ፊደል ነው የሚይዘው። ከዚያ ከረዘመ እየተቆረጠ በ67 በ67 ይሄዳል። የ150 ፊደል ጥሪህ ሦስት መልእክት ነው። አራት ጊዜ ስትልክ ለአንዲት እናት የአሥራ ሁለት ከፍለሃል።


ጀማሪው_ከአዳማ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 8:25

አሥራ ሁለት!! ሂሳቡ ገና አልመጣም። ባይመጣ ደስ ይለኛል።


ትዕግሥት_ዳታ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 10:30

ሁላችሁም ስለ መላክ ነው የምታወሩት። ዝርዝሩን ያየው አለ? እኔ የትምህርት ቤት ኤክሴል አውቃለሁ።

ወንድሜ፣ 2,400 መስመር የተማሪ ነው ወይስ የወላጅ? የተማሪ ከሆነ ሦስት ልጅ ያላት እናት ሦስት ቦታ አለች። ምንም ሳትሳሳት ሦስቴ ልትልክላት ነው። የምርም አራት ጊዜ የደረሳቸው እናት ስንት ልጅ እንዳላቸው ጠይቅ።

ሎዳሽ ቦታው እዚህ ነው። ግሩፕባይ በስልክ ቁጥር። ለአንድ ቁጥር የልጆቹ ስም በሙሉ አብሮ ይመጣል፣ መልእክቱም «የሳምራዊትና የናሆም ወላጅ» ብሎ አንድ ጊዜ ይሄዳል። ዩኒክባይ ብታደርግ ግን የመጀመሪያውን ልጅ ብቻ ያስቀርና የሌሎቹን ስም ይጥላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፣ ሁለቱ አንድ ይመስሉታል።

ከዚያ በፊት ቁልፉን አጽዳ። አንዱ ጸሐፊ በ09 ይጀምራል፣ ሌላው በ251፣ ሌላው መደመር ምልክት ያስቀድማል። ኤክሴል ደግሞ የፊቱን ዜሮ በልቶ በ9 ያስጀምረዋል። አራቱም አንድ ስልክ ናቸው፣ ለግሩፕባይ ግን አራት ሰው። አሃዝ ያልሆነውን ሁሉ አስወግድ፣ የመጨረሻዎቹን 9 አሃዞች ውሰድ፣ በ9 ወይም በ7 ካልጀመረ ለብቻ አውጣው። ያንን ፈንክሽን ለግሩፕባይ ስጠው፣ ሎዳሽ ስም ብቻ ሳይሆን ፈንክሽንም ይቀበላል።

በስም ለማጣመር እንዳትሞክር ብቻ። አንዱ ኃይሉ ይጽፋል፣ አንዱ ሀይሉ፣ አንዱ ሐይሉ። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፣ ለኮምፒውተር ሦስት የተለያየ ፊደል። ግድ ካለብህ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚመልስ ፈንክሽን ጻፍ፣ ከነእርባታቸው። ሀ እና ሃ እንዲሁም አ እና ኣ እርስ በርስ እንደሚለዋወጡም አትርሳ። ይሄን የሚያደርግ ነገር ሎዳሽ ውስጥ አታገኝም። የእሱ «ደበር» የሚባለው የፊደል ምልክት አራጋፊ የሚያውቀው የላቲን ፊደል ብቻ ነው።


ዜሮ_ዲፔንደንሲ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 10:44

ግሩፕባይ ከ2024 ጀምሮ የቋንቋው አካል ነው። ኖድ 21 ላይ ገብቷል። ለምን ሎዳሽ?


ትዕግሥት_ዳታ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 11:02

አዲስ ኖድ ካለው ይጠቀም፣ አልጣላም። እኔ የምሠራበት ሰርቨር ላይ ያለው ኖድ አርጅቷል፣ የሚያድሰውም ሰው የለም። ሎዳሽ እዚያ ይሠራል። ቤት ያለውን ነው የማበስለው።


ማሂ_ዲሲ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12:50

ተኝቼ ተነሳሁ፣ ክሩ አድጎ ጠበቀኝ።

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ጥያቄው ኮዱ የት ነው የሚሮጠው ነው። ሰርቨር ላይ ከሆነ የሎዳሽ ክብደት ማንንም አይጎዳም። ስልክ ላይ የሚከፈት ገጽ ከሆነ ግን ሙሉው ሎዳሽ ተጨምቆ ወደ 24 ኪሎባይት ነው። ለአንድ ግሩፕባይ ብላችሁ በሞባይል ዳታ ያንን አታስጭኑ። ፈንክሽኗን ለይታችሁ አምጡ፣ ወይም ሎዳሽ ኢኤስ የሚባለውን ተጠቀሙ፣ ያልተነካው ሲታሸግ ይራገፋል።

ካመጣችሁት ደግሞ የመጨረሻው ሥሪት ይሁን። በ2019 ዲፎልትስዲፕ በሚባለው ፈንክሽኑ ላይ የተገኘው ቀዳዳ ከውጭ የመጣ ዳታ የሁሉንም ኦብጀክት መሠረት እንዲበክል ይፈቅድ ነበር። እኔ የወረስኩት ፕሮጀክት ላይ ሎዳሽ በአምስት የተለያየ ሥሪት ተቀምጧል፣ ከአምስቱ ሁለቱ በእኔ ዕድሜ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም።


ባቡር_ሰፈር · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:20

የሎዳሽ ፎርኢች ላይ እኔን የበላኝን ልንገራችሁ። ውስጥ ያለው ፈንክሽን ፎልስ (ሐሰት) ከመለሰ ሉፑ እዚያው ይቆማል። የቋንቋው ፎርኢች እንደዚያ አያደርግም። አንድ መስመር አሮ ፈንክሽን (ውጤቱን ራሱ የሚመልስ አጭር ፈንክሽን) ነበረኝ፣ ሳላስበው የማነጻጸሪያ ውጤት ይመልሳል። የዕቃ ዝርዝሩ ሁሌ የመጀመሪያው ያለቀ ዕቃ ላይ ይቆማል። ሱቁ ውስጥ ሦስት ዕቃ ብቻ ያለ ይመስል ነበር።


ኮድ_በቡና · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:31

የተገላቢጦሹ ደግሞ ሎዳሽ የሚያድንህ ቦታ አለ። የጽሑፍ ቁጥሮችን በቋንቋው ማፕ ውስጥ ፓርስኢንት (ጽሑፍን ወደ ቁጥር ቀያሪው) ብለህ ስጥ፣ «1»፣ «2»፣ «3» ሰጥተኸው 1፣ ናን («ቁጥር አይደለም»)፣ ናን ይመልሳል። ማፕ ተራ ቁጥሩንም አብሮ ስለሚያቀብል ፓርስኢንት የቁጥር መሠረት ይመስለዋል። የሎዳሹን ፓርስኢንት በሎዳሹ ማፕ ከሰጠኸው ይጠነቀቅልሃል። ቃለ መጠይቅ ላይ ይሄን ጠይቀውኝ ወድቄያለሁ፣ ስለዚህ አይረሳኝም።


አስተባባሪ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:00

ክሩ ከርዕሱ እየወጣ ነው። የሎዳሽ ትዝታ ያላችሁ አዲስ ክር ክፈቱ። ጀማሪው፣ እንዴት ሆነ?


ጀማሪው_ከአዳማ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4:15

ዛሬ ጠዋት ላክነው። ርዕሰ መምህሩ አጠገቤ ወንበር ስበው ተቀምጠው ነው፣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ትዕግሥት ልክ ነበርሽ። ፋይሉ የተማሪ ነው። ቁጥሮቹን አጽድቼ በግሩፕባይ ሳሰባስብ 2,400ው መስመር 1,870 ስልክ ሆነ። አራት ጊዜ የደረሳቸው እናት ሁለት ልጅ አላቸው። ማለትም ከአራቱ ግማሹ የፎርኢችም የፕሮሚስ ኦልም ጥፋት አልነበረም።

ኢችሊሚት በ5፣ እያንዳንዱ 600 ሚሊሰከንድ፣ የተላከው ፋይል ላይ። ወደ 900 አካባቢ ሲደርስ ሆን ብዬ ራሴ ዘጋሁት። ርዕሰ መምህሩ ክው አሉ። እንደገና ሳስነሳው የተላኩትን ዘሎ ካቆመበት ቀጠለ። ጋሼ፣ ያኔ እርስዎን አሰብኩ። በጠቅላላው 4 ደቂቃ ገደማ ፈጀ። 429 አንድም አልመጣም።

6 ቁጥር ብቻ ለብቻ ወጣ። ገብቼ ሳየው ጸሐፊዋ በ251 የጀመረ ረጅም ቁጥር ያለ ክፍተት ስትጽፍ ኤክሴል አሳጥሮ በአሥር ርቢ አስቀምጦታል፣ ፋይሉ ሲወጣ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ጠፍተዋል። ከወረቀት መዝገብ ፈልገን አምስቱን በእጅ ሞላን።

ስድስተኛውን መፈለግ አላስፈለገንም። የርዕሰ መምህሩ የራሳቸው ስልክ ነው፣ ልጃቸው 7ኛ ክፍል ትማራለች። «እኔ እኮ ለምን አንድም ጊዜ አልደረሰኝም እያልኩ ነበር» አሉ።